የዜግነት ፈተናው ጥያቄ 74፦ የአሜሪካ የእርስ በርስ ጦርነት በባርነት ነው ወይስ በስቴቶች መብት?

ሜሮን_ቪኤ

ሰላም ለሁላችሁ። የዜግነት ኢንተርቪዬ ደርሷል፤ ቀደም ብዬ ስላመለከትኩ የምፈተነው በ100ዎቹ ጥያቄዎች ነው። ጥያቄ 74 «ለእርስ በርስ ጦርነቱ መነሻ ከሆኑት ችግሮች አንዱን ጥቀስ» ይላል። ተቀባይነት ያላቸው መልሶች ሦስት ናቸው፦ ባርነት፣ ኢኮኖሚያዊ ምክንያቶች፣ የስቴቶች መብት። አንዱን ከተናገርኩ እንደማልፍ አውቃለሁ። የከነከነኝ ሌላ ነው። ሥራ ቦታ አብራኝ የምትውል እዚሁ ቨርጂኒያ ተወልዳ ያደገች ሴት «ጦርነቱ ከባርነት ጋር አይገናኝም፣ ዋሽንግተን በጉዳያችን አትግባብን ነው ያልነው» አለችኝ። ልጄ ደግሞ በትምህርት ቤቱ የተማረው በባርነት የተነሳ ነው ብሎ ነው። ዜጋ ልሆንባት በተዘጋጀሁ አገር ከ600 ሺህ በላይ ሰው ያለቀበትን ጦርነት እንዲሁ ሸምድጄ ማለፍ አልፈለግሁም። ታሪክ የምታውቁ ከሥሩ አስረዱኝ።

የሲልቨር_ስፕሪንግ_ልጅ

እህቴ፣ ለኢንተርቪው «ባርነት» በይና እለፊ። ክርክሩን ግን እኔም መከታተል እፈልጋለሁ። ጋሽ ተካ የት አሉ?

ጋሽ_ተካ

አለሁ። ሜሮን ልጄ፣ እንኳን ለዚህ አበቃሽ። ደሴ ላይ ታሪክ ሳስተምር የኖርኩ ሰው ነኝና ቢረዝምብሽ ታገሺኝ። ዓመቶቹን በሙሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ነው የምጽፈው።

ነገሩ ከሕገ መንግሥቱ ይጀምራል። በ1787 ፊላዴልፊያ ላይ የተሰበሰቡት ሰዎች ባርነትን በሦስት ቦታ ተከሉት። ለተወካዮች ምክር ቤት ወንበር ሲደለደል 5 ባሪያ እንደ 3 ሰው ይቆጠር አሉ፤ ድምፅ የማይሰጡ ሰዎች ለጌቶቻቸው ተጨማሪ ወንበር ሆኑላቸው ማለት ነው። ከውጭ ባሪያ ማስገባትን ኮንግረሱ እስከ 1808 እንዳይከለክል አሰሩት። ከአንዱ ስቴት ወደ ሌላው የኮበለለ ባሪያም ለጌታው ይመለስ አሉ። ይቺን የመጨረሻዋን ያዢልኝ።

በዚያ ዘመን ብዙዎች ባርነት ውሎ አድሮ በራሱ ይከስማል ብለው ያስቡ ነበር። ያንን ያከሸፈው ጥጥ ነው። በ1793 ኢላይ ዊትኒ የጥጥ መዳመጫ ማሽኑን ሠራ። ጥጡን ከፍሬው በእጅ መፈልቀቅ ጊዜ የሚበላ ሥራ ነበር፤ ያ ሲቀልል የጥጥ እርሻ ከካሮላይና ተነስቶ እስከ ሚሲሲፒና ቴክሳስ ዘለቀ። ለቀማው ግን የሰው እጅ ይፈልጋል። በ1790 ወደ 700 ሺህ የነበሩት ባሪያዎች በ1860 ወደ 4 ሚሊዮን ደረሱ፤ ያኔ የአገሪቱ ሕዝብ በሙሉ 31 ሚሊዮን ገደማ ነው። ከአሜሪካ የወጪ ንግድ ከግማሽ በላዩ ጥጥ ነበር። የባሪያዎቹ የገበያ ዋጋ ቢደመር የአገሪቱ ፋብሪካዎችና የባቡር ሐዲዶች በአንድ ላይ ከሚያወጡት ይበልጣል። «ኢኮኖሚያዊ ምክንያት» የሚሉሽ ይህንን ነው፤ ከባርነት ለይተሽ ልታቆሚው አትችዪም።

ጠቡ የሚነሳው አዲስ መሬት በተያዘ ቁጥር ነው። እያንዳንዱ ስቴት ወደ ሴኔት 2 ሰው ይልካል፤ ስለዚህ አዲስ የሚገባው ስቴት ባርነትን ይፈቅዳል ወይስ ይከለክላል የሚለው የሞት ሽረት ጉዳይ ሆነ። በ1820 በተደረሰው ስምምነት ሚዙሪ ከነባርነቷ፣ ሜይን ደግሞ ነፃ ሆና እንዲገቡ ተወሰነና ሚዛኑ ተጠበቀ፤ ከፈረንሳይ በተገዛው በቀረው የሉዊዚያና መሬት ላይም ከ36 ዲግሪ ከ30 ደቂቃ መስመር በስተሰሜን ባርነት አይኖርም ተባለ። ከ1846 እስከ 1848 ሜክሲኮን ወግተው ካሊፎርኒያን የሚያህል አገር ሲወስዱ ክርክሩ እንደ አዲስ ፈነዳ። በ1850 ሌላ ስምምነት መጣ፦ ካሊፎርኒያ ነፃ ስቴት ትሁን፣ በምላሹ የኮብላይ ባሪያ ሕግ ይጥበቅ። እሳቱን እያዳፈኑ ያሳድሩታል እንጂ አንድም ጊዜ አላጠፉትም።

ያንን ሕግ ቀረብ ብለሽ እዪው። የተያዘውን ሰው ጉዳይ የሚወስነው ኮሚሽነር የሚባል ሹም ነው። ተከሳሹ ስለ ራሱ መመስከር አይችልም። ኮሚሽነሩ «ለጌታው ይመለስ» ብሎ ከወሰነ 10 ዶላር ይከፈለዋል፤ «ይህ ሰው ነፃ ነው» ካለ 5 ዶላር። ምክንያቱ ሲጠየቅ የመመለሱ ወረቀት ብዙ ነው ተባለ። በመንገድ የሚያልፈውም የሰሜን ሰው ፈላጊዎቹን እርዳ ከተባለ መርዳት ግዴታው ነበር። በ1854 ከሪችመንድ አምልጦ ቦስተን የገባው አንተኒ በርንስ ሲያዝ ሕዝቡ የፍርድ ቤቱን በር ሰብሮ ሊያስለቅቀው ሞከረ፤ አልሆነለትም። መንገዱ ዳርና ዳር በወታደር ታጥሮ ነው ወደ መርከቡ የወሰዱት። እስከዚያ ድረስ ስለ ባርነት ደንታ ያልነበረው ብዙ የቦስተን ሰው ጉዳዩ በራፉ ድረስ የመጣው በዚያን ቀን ነው።

ናይልሰው

ጋሼ፣ ለእውቀትዎ ትልቅ አክብሮት አለኝ። ነገር ግን ሁሉን ነገር ባርነት ላይ መጫን ልክ አይመስለኝም። ሊንከን ራሱ በኦገስት 1862 ለጋዜጣ አዘጋጁ ለሆረስ ግሪሊ ሲጽፍ፣ አንድም ባሪያ ነፃ ሳላወጣ ኅብረቱን፣ ማለትም የአገሪቱን አንድነት፣ ማዳን ብችል ያንን አደርግ ነበር ብሏል። ደላዌር፣ ሜሪላንድ፣ ኬንታኪና ሚዙሪም ባሪያ እያላቸው ከሰሜን ጎን ነው የቆዩት። ደግሞ ከደቡብ የዘመተው ወታደር አብዛኛው ባሪያ ያልነበረው ድሃ ገበሬ ነው። ያ ገበሬ የሌላ ሰው ባሪያ ለማስጠበቅ ሞተ ትሉኛላችሁ? ቀረጥም አለ፤ የሰሜኑ ፋብሪካ የውጭ ዕቃ ላይ ቀረጥ ይከመር ሲል ጥጥ ሸጦ ዕቃ ከእንግሊዝ የሚገዛው ደቡብ ተጎዳ። የእርስ በርስ ጦርነት በአንድ ምክንያት ብቻ ተነሳ ሲባል እኛ ኢትዮጵያውያን መጠራጠር ያለብን ይመስለኛል።

ትራከሩ_ኬሲ

እኔ የምኖረው ካንሳስ ሲቲ ነው፤ በአይ-70 ስትነዱ ሎረንስ የምትባለውን የዩኒቨርሲቲ ከተማ ታልፋላችሁ። ጦርነቱ በ1861 ሳውዝ ካሮላይና ባለው ሰምተር ምሽግ ላይ ጀመረ የሚባለው ለእኛ አካባቢ ሰው አይገባውም። እዚህ የጀመረው 5 ዓመት ቀድሞ ነው።

በ1854 የኢሊኖዩ ሴናተር ስቲቨን ዳግላስ ጋሽ ተካ የጠቀሱትን የ1820ውን መስመር የሚሽር ሕግ አስወጣ። ካንሳስና ኔብራስካ የሰፈረው ሕዝብ ራሱ ድምፅ ሰጥቶ ይወስን ተባለ። ሲሰሙት መልካም ይመስላል። የሆነው ግን ከሚዙሪ በሺህ የሚቆጠር የታጠቀ ሰው ድንበር ተሻግሮ ድምፅ ሰጥቶ መመለስ ነው። ከሰሜንም ጠመንጃ የያዘ ሰፋሪ መጣ። ሁለት ተፎካካሪ መንግሥታት ቆሙ።

በሜይ 1856 በአንድ ሳምንት ውስጥ የሆነውን ብቻ ልንገራችሁ። ሜይ 21 የባርነት ደጋፊዎች ሎረንስን ዘረፉ፣ ሆቴሉን አቃጠሉ፣ ማተሚያ ቤቶቹን ሰባበሩ። በማግስቱ ዋሽንግተን ውስጥ፣ በሴኔቱ አዳራሽ፣ የሳውዝ ካሮላይናው ተወካይ ፕሬስተን ብሩክስ ስለ ካንሳስ ከባድ ንግግር ያደረገውን ሴናተር ቻርልስ ሰምነርን በዱላ ቀጠቀጠው። ጠረጴዛው ከወለሉ ጋር በብሎን የታሰረ ነበርና ሰምነር እግሩ ሥሩ ተይዞ መነሳት አቃተው፤ ነቅሎት ነው የወደቀው። ወደ ወንበሩ በቅጡ ለመመለስ 3 ዓመት ያህል ፈጀበት። ብሩክስን ደግሞ ከደቡብ ደጋፊዎቹ አዳዲስ ዱላ በስጦታ ላኩለት። ሜይ 24 ሌሊት የባርነት ተቃዋሚው ጆን ብራውን ልጆቹን አስከትሎ ፖታዋቶሚ ወንዝ ዳር 5 የባርነት ደጋፊዎችን ከየቤታቸው አውጥቶ በሰይፍ ገደለ። እንደራሴው እንደራሴን በምክር ቤት ውስጥ እየደበደበ ስለ ቀረጥ ተጣሉ ማለት ይከብደኛል፣ ወንድም ናይልሰው።

ብሌን_ሪችመንድ

ናይልሰው ያነሳኸው በቁም ነገር መመለስ አለበት። የተገነጠሉት ስቴቶች ለምን እንደተገነጠሉ ራሳቸው ጽፈው ትተዋል፤ እነሱ የሚሉትን እንስማ።

ሳውዝ ካሮላይና በዲሴምበር 20 ቀን 1860 ተገነጠለች፤ ሊንከን ተመርጧል እንጂ ገና ሥልጣን አልያዘም። በዚያው ሳምንት ባወጣችው መግለጫ ዋናው ክሷ ምን ይመስላችኋል? የሰሜን ስቴቶች የኮበለለ ባሪያ አልመልስ አሉ የሚል ነው። ስቴቶቹን በስም እየጠራች ትከሳለች። ኒውዮርክ ባሪያችንን ይዘን እንዳናልፍባት ከለከለችን ብላ ታማርራለች። እንግዲህ ልብ በሉ፤ ማሳቹሴትስ ወይም ኒውዮርክ በራሷ ምድር የራሷን ሕግ ልታወጣ ስትል ደቡብ የሚጠራው የፌዴራሉን ማርሻልና ወታደር ነው። ጋሽ ተካ በ1850ው ሕግ ያሳዩን ያንኑ ነው። የስቴት መብት የሚባለው ባርነትን ሲያስጠብቅ ይነሳል፣ ባርነትን ሲነካ ይረሳል።

የሚሲሲፒ መግለጫ ደግሞ ገና ከመጀመሪያው፣ አቋማችን ከባርነት ጋር ሙሉ በሙሉ የተሳሰረ ነው፣ ባርነትም በዓለም ላይ ትልቁ ቁሳዊ ጥቅም ነው ይላል። የተገነጠሉት ስቴቶች ያቆሙት መንግሥት፣ የኮንፌዴሬሽኑ፣ ምክትል ፕሬዚዳንት አሌክሳንደር ስቲቨንስ በማርች 21 ቀን 1861 ሳቫና ላይ ተነስቶ፣ የአዲሱ መንግሥታችን የማዕዘን ድንጋይ ጥቁር ሰው ከነጭ እኩል አለመሆኑ ነው አለ። የጻፉት ሕገ መንግሥትም በባሪያ ላይ ያለን የንብረት መብት የሚነካ ሕግ እንዳይወጣ ይከለክላል፣ ወደፊት በሚይዙት መሬት ሁሉ ባርነት እንዲጠበቅ ያዝዛል።

ቀረጡን በተመለከተ፣ የሞሪል ቀረጥ የሚባለው ሕግ የጸደቀው በማርች 1861 ነው፤ 7 ስቴቶች ከሄዱና ሴናተሮቻቸው ወንበራቸውን ለቀው ከወጡ በኋላ።

ሜሮን፣ ያቺ የሥራ ባልደረባሽ የተናገረችውን ከአያቶቿ ነው የሰማችው። ሽንፈቱ ካለፈ በኋላ ነው «ለስቴት መብት ነው የተዋጋነው» የሚለው ትረካ የተሰበከው፣ ሐውልቱም የተከተለው። እዚህ ሪችመንድ የጄኔራል ሊ ሐውልት የቆመው በ1890 ነው፤ ጦርነቱ ካበቃ 25 ዓመት በኋላ። ሲወርድ አይቻለሁ፣ በሴፕቴምበር 2021። አጠገቤ ቆመው የሚያለቅሱ አንዲት ጥቁር አሜሪካዊት እናት ነበሩ።

ናይልሰው

ብሌን፣ የመሪዎቹን አሳብ በደንብ አሳየሽ። ተራው ወታደርስ? ሰሜኑም ቢሆን እጁ ንጹሕ አልነበረም።

ጋሽ_ተካ

ጥሩ ጥያቄ ነው። በ11ዱ የተገነጠሉ ስቴቶች ከሦስት ነጭ ቤተሰብ አንዱ ያህል ባሪያ ነበረው፤ በሳውዝ ካሮላይናና በሚሲሲፒ ግማሽ ይጠጋል። ያልነበረውም ነገ ጥቂት ጥጥ ሸጬ እገዛለሁ ባይ ነው፤ ካልሆነም አባቱ፣ አማቱ ወይም ጎረቤቱ አለው። ከዚህ ሁሉ በላይ ደግሞ ድሃው ነጭ ቢያንስ ከበታቹ የሚቆም ሰው እንዳለ ያውቅ ነበር፤ ባርነት ቢቀር ያቺ ማዕረጉ ትቀርበታለች። ያም ሆኖ ቅሬታ ነበረው። ኮንፌዴሬሽኑ በ1862 የግዳጅ ምልመላ ካወጀ በኋላ 20 ባሪያ ላለው እርሻ አንድ ነጭ ወንድ ከዘመቻ እንዲቀር ፈቀደ። ድሃው ጦርነቱ የሀብታም ነው፣ ውጊያው ግን የእኛ ሆነ እያለ ያጉረመርም ነበር፤ ብዙውም ከድቶ ወደ ቤቱ ሄዷል።

ሰሜኑ ንጹሕ አልነበረም ያልከው እውነት ነው። የኒው ኢንግላንድ ፋብሪካ የሚፈትለው የባሪያ ጥጥ ነው፤ የኒውዮርክ ባንክ ለባሪያ አሳዳሪ ያበድራል። ሊንከንም በ1860 የተወዳደረው ባርነት ባለበት ይቆይ፣ ወደ አዲስ መሬት ግን አይስፋፋ ብሎ ነው። ግን ደቡብን ለመገንጠል ያበቃው ይህቺው ናት። ከዚያ 3 ዓመት ቀድሞ ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ ነፃነቱን በክስ በጠየቀው ባሪያ በድሬድ ስኮት ጉዳይ ጥቁር ሰው የአሜሪካ ዜጋ ሊሆን አይችልም፣ ኮንግረሱም በግዛቶች ውስጥ ባርነትን መከልከል አይችልም ብሎ ፈርዶላቸው ነበር። በፍርድ ቤት ያገኙትን በምርጫ ሳጥን ሊያጡት ሆነ። ሊንከን በአብዛኛው የደቡብ ስቴት ስሙ በምርጫ ወረቀቱ ላይ እንኳ ሳይኖር፣ በአገር ደረጃ ከተሰጠው ድምፅ 40 በመቶ ገደማ ብቻ ይዞ ማሸነፉ፣ ከእንግዲህ ያለ ደቡብ ፈቃድ ፕሬዚዳንት ሊመረጥ እንደሚችል አሳያቸው።

ለግሪሊ የጻፈውን ደብዳቤ በተመለከተ፣ ቀኑን ተመልከት። ኦገስት 22 ቀን 1862 ነው። ሊንከን በተገነጠሉት ስቴቶች ያሉ ባሪያዎችን ነፃ የሚለውን የነፃነት አዋጅ ረቂቅ ለሚኒስትሮቹ ያነበበላቸው ከዚያ አንድ ወር ቀድሞ፣ ጁላይ 22 ነው። አዋጁ መሳቢያው ውስጥ ተቀምጦ የጦር ሜዳ ድል ይጠብቅ ነበር። ድሉ በሴፕቴምበር 17 አንቲተም ላይ ተገኘ፤ በአንድ ቀን 23 ሺህ ያህል ሰው የሞተበት፣ የቆሰለበትና የጠፋበት ውጊያ ነው። ደብዳቤው ባሪያ እያላቸው ከሰሜን ጎን የቆዩትን የድንበር ስቴቶች ሰው እንዳያስደነግጥ ተጠንቅቆ የተጻፈ የፖለቲከኛ ደብዳቤ ነው።

ሜሮን_ቪኤ

ሁላችሁንም እግዚአብሔር ይስጥልኝ። አንድ ነገር ግን ደስ አላለኝም። እስካሁን የሰማሁት ስለ ሴናተር፣ ስለ ጄኔራልና ስለ ፕሬዚዳንት ነው። 4 ሚሊዮኑ ሰዎችስ? እነሱ ቁጭ ብለው ነፃ እስኪወጡ ጠበቁ?

ሃና_ሃምፕተን

አልጠበቁም! እኔ ሃምፕተን ውስጥ ነርስ ነኝ፤ ፎርት ሞንሮ የተባለው ምሽግ ከቤቴ ቅርብ ነው፣ ልጆቼን ይዤ ባሕሩ ዳር እሄዳለሁ። በ1619 የመጀመሪያዎቹ አፍሪካውያን ወደ እንግሊዞቹ ቨርጂኒያ የወረዱበት ቦታ ነው።

በሜይ 23 ቀን 1861 የቨርጂኒያ መራጮች መገንጠሉን አጸደቁ። በዚያው ሌሊት ሦስት ሰዎች፣ ፍራንክ ቤከር፣ ጄምስ ታውንሰንድና ሼፐርድ ማሎሪ፣ ጀልባ ቀዝፈው በሰሜኑ ጦር ወደተያዘው ምሽግ መጡ። ጌታቸው ኮሎኔል ለኮንፌዴሬሽኑ የመድፍ ምሽግ ያሠራቸው ነበር፤ ራቅ አድርጎ ሊልካቸው መሆኑን ሲሰሙ ነው የጠፉት። በማግስቱ አንድ የደቡብ መኮንን ነጭ ባንዲራ ይዞ መጣና በኮብላይ ባሪያ ሕጉ መሠረት መልሷቸው አለ። የምሽጉ አዛዥ ጄኔራል በትለር በሙያው ጠበቃ ነው። ቨርጂኒያ የሌላ አገር ነኝ ካለች የአሜሪካ ሕግ ለእሷ አይሠራም፤ እነዚህ ሰዎች ጠላት ለጦርነት የሚጠቀምባቸው ናቸውና እንደ ጦር ምርኮ ንብረት ይዣቸዋለሁ ብሎ መለሰው። መልሱ ሰውን ከንብረት አላወጣውም፤ ወደ ጌታቸው ግን አልተመለሱም።

ወሬው ወዲያው ተዛመተ። በጥቂት ቀናት ውስጥ ሴቱም ሽማግሌውም ሕፃን ያዘለውም ምሽጉ በር ላይ ደረሰ፤ ጦርነቱ ሳያልቅ በሺህ የሚቆጠር ሰው እዚህ ሰፍሮ ነበር። ኮንግረሱ በጦርነት ሥራ ላይ የዋለ ባሪያ ከጌታው እጅ ይወጣል የሚል ሕግ ያወጣው በዚያው ዓመት ኦገስት ነው። ሕግ አውጪዎቹን የጎተቷቸው እነዚያ በእግራቸው የመጡት ሰዎች ናቸው፤ ዋሽንግተን አስባ አይደለም።

ቻርልስተን ላይ ደግሞ ሮበርት ስሞልስ የሚባል ባሪያ መርከበኛ አለ። በሜይ 1862 ነጮቹ መኮንኖች ከተማ ሲያድሩ «ፕላንተር» የተባለችውን የኮንፌዴሬሽን መርከብ አስነሳ፣ ቤተሰቡን ከሌላ ቦታ ጫነ፣ የካፒቴኑን ባርኔጣ አድርጎ በየምሽጉ ፊት ትክክለኛውን የፉጨት ምልክት እየሰጠ አለፈና መርከቧን ለሰሜን አስረከበ። ኋላ ኮንግረስ ገብቷል። በሰሜኑ ጦር ውስጥ 180 ሺህ ያህል ጥቁር ወታደሮች ዘምተዋል። ነጩ ወታደር በወር 13 ዶላር ሲከፈለው እነሱ 10 ዶላር፣ ከዚያም ላይ 3 ዶላር ለልብስ ይቆረጥባቸው ነበር፤ እኩል ክፍያ የተፈቀደው በ1864 ነው።

አሌክሳንድሪያ_ታክሲ

እህት ሃና፣ ተባረኪ። እዚህ አሌክሳንድሪያ ለምትኖሩ ሁሉ፦ ዱክ ስትሪት 1315 ቁጥር ላይ ያለውን የጡብ ቤት ሄዳችሁ እዩት። ፍራንክሊንና አርምፊልድ የተባሉ የባሪያ ነጋዴዎች ከ1828 ጀምሮ ቢሯቸው እዚያ ነበር። ከቨርጂኒያና ከሜሪላንድ የገዟቸውን ሰዎች በግቢው አጉረው ወደ ኒው ኦርሊንስና ናቼዝ ይልኩ ነበር፤ በሺህ የሚቆጠር ሰው በዚያ በር ወጥቷል። ጋሽ ተካ ጥጡ ተስፋፋ ያሉት የሰው ጉልበቱ በዚህ መንገድ ሄዶ ነው። አሁን ሙዚየም ነው። የብዙዎቻችን ቤትና ሱቅ በዚያው ጎዳና ላይ ነው፤ ልጆቻችንን እንውሰዳቸው።

መቅደስ_አዲስ

ከአዲስ አበባ ነው የምጽፈው። ጋሽ ተካ፣ የእኛስ አገር ባርነት እንዴት ቀረ? እና እዚያ አሜሪካ ነፃ ሲወጡ ካሳ ተከፈላቸው?

ጋሽ_ተካ

የእኛው ራሱን የቻለ ክር ይፈልጋል፣ መቅደስ። ባጭሩ፣ ኢትዮጵያ በ1923 ወደ መንግሥታት ማኅበር ስትገባ ባርነት ዋናው መከራከሪያ ነበር፤ በተከታዩ ዓመት ራስ ተፈሪ ቀስ በቀስ የሚያስቀር አዋጅ አወጡ፣ ሙሉ በሙሉ የሻረው ግን የ1942ቱ አዋጅ ነው። እኛም በየቤታችን የምናውቀውና የማንናገረው ብዙ ታሪክ አለ፤ አንድ ቀን በግልጽ እንነጋገርበታለን።

ስለ ካሳው፦ ተከፍሏል፣ የተከፈለው ግን ለጌቶቹ ነው። ዲሲ የምትሠሩ ኤፕሪል 16 በዓል እንደሆነ ታውቃላችሁ። በ1862 በዚያን ቀን በወጣው ሕግ የዋሽንግተን ባሪያዎች ነፃ ሲወጡ መንግሥት ታማኝ ለሆኑ ባለቤቶች በአንድ ሰው እስከ 300 ዶላር ከፈለ። ነፃ ለወጣው ሰው የተዘጋጀለት፣ አገሪቱን ለቅቆ ወደ ሄይቲ ወይም ላይቤሪያ ለመሄድ ከፈቀደ እስከ 100 ዶላር ነው። በደቡቡ ነፃነቱ በ1863ቱ አዋጅ ታወጀ፣ በመላ አገሪቱ ደግሞ በዲሴምበር 1865 በጸደቀው 13ኛው ማሻሻያ ታሰረ፤ ማሻሻያው በወንጀል የተፈረደበትን ሰው የግዳጅ ሥራ ግን ፈቅዶ ተወው፣ ደቡቦቹም ወዲያው ሥራ የሌለውን ጥቁር ሁሉ ወንጀለኛ የሚያደርግ ሕግ አወጡ።

መሬት የማግኘት ዕድል አንድ ጊዜ ተከፍቶ ነበር። በጃንዋሪ 1865 የሰሜኑ ጦር ጄኔራል ሸርማን ሳቫና ላይ ከጥቁር ቀሳውስትና የቤተ ክርስቲያን መሪዎች ጋር ተቀምጦ ምን ትፈልጋላችሁ አላቸው። መሬት ይኑረን፣ በራሳችን ጉልበት አርሰን እንኑር አሉት። ከአራት ቀን በኋላ ከሳውዝ ካሮላይና እስከ ፍሎሪዳ ያለው የባሕር ዳርቻና ደሴቶቹ እስከ 40 ኤከር እየተከፈሉ ለነፃ ወጪዎች እንዲሰጡ አዘዘ። ወደ 40 ሺህ ሰው ሰፈረበት፣ ዘራበትም። ሊንከን በኤፕሪል ተገደለ። ተተኪው አንድሩ ጆንሰን በዚያው ዓመት ለቀድሞዎቹ ባለርስቶች ምሕረት እየሰጠ መሬቱ እንዲመለስላቸው አዘዘ፤ አልለቅም ያለውንም ገበሬ ወታደር አስለቀቀው።